ጓዳው የሰፋው ወይስ እጁ የፈጠነው? ስለ ሁለት ግራፊክስ ካርዶች የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሌላ ጉዳያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ግራፊክስ ካርዶች አሉ፤ ኮምፒውተር ውስጥ ተሰክተው ስክሪን ላይ የምናየውን ሥዕል የሚሠሩት ማለት ነው። ከኋላ ለተቀመጣችሁ ላይታያችሁ ይችላል፤ ስንጨርስ ቀርባችሁ ታዩዋቸዋላችሁ። በቀኝ በኩል ያለው የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3060 ነው። 12 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው። በግራ ያለው አርቲኤክስ 4060 ነው። የእሱ ሜሞሪ 8 ጊጋ ነው። 3060 የወጣው በፈረንጆቹ የካቲት 2021 ነው። 4060 ደግሞ በሰኔ 2023። ኩባንያው ሲያወጣቸው የቆረጠላቸው ዋጋ ለመጀመሪያው 329 ዶላር፣ ለሁለተኛው 299 ዶላር ነበር።

አዲሱ ረክሶ መጣ። ቁጥሩም ከፍ አለ። ሜሞሪው ግን በ4 ጊጋ ቀነሰ። ለምን? የዛሬው ወሬያችን የሚነሳው ከዚህች ጥያቄ ነው።

እኔ ኮምፒውተር እገጣጥማለሁ። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ሰው ይደውልልኛል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው። «ከዱባይ የሚመጣ ሰው አለኝ፣ ነገ ማታ ይበራል፣ 3060 ልበለው ወይስ 4060?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ «ምን ልትሠራበት ነው?» ብዙው ሰው ይሄን ጥያቄ አይወደውም። «ለሁሉም ነገር» ይለኛል። በዚህ ዋጋ ለሁሉም ነገር የሚሆን ካርድ አላውቅም። ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ሥራችሁ የቱ ጋ እንደሚይዛችሁ ማወቅ አለባችሁ። የምትቸገሩት ፍጥነት እያነሳችሁ ነው ወይስ ቦታ እየጠበባችሁ?

ካርዱን እንደ ድግስ ቤት አስቡት። ሠርግ ተደግሷል። ምድጃው ዙሪያ ወጥ ሠሪዎቹ ቆመዋል። እነሱ የካርዱ ኮሮች ናቸው። ሽንኩርቱ፣ ቅቤው፣ በርበሬው፣ ሥጋው ያለው ጓዳ ውስጥ ነው። ጓዳው ሜሞሪው ነው። ከጓዳ ወደ ምድጃ የሚያስወጣ በር አለ። ከምድጃው አጠገብ ደግሞ ቶሎ ቶሎ የሚፈለገው ነገር የሚቀመጥባት መደርደሪያ አለች። አሁን ሁለቱን ቤቶች እንጎብኛቸው።

3060 ላይ 3584 ኮሮች አሉ። ሲሮጡ 1.78 ጊጋኸርዝ ይደርሳሉ። 4060 ላይ ያሉት 3072 ብቻ ናቸው፤ ግን 2.46 ጊጋኸርዝ ይሮጣሉ። ሰዎቹ አነሱ፣ እጃቸው ፈጠነ። አንድ ኮር በአንድ ምት ሁለት ስሌት ይሠራል ተብሎ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ የኮሩን ብዛት በሁለት፣ ከዚያ በፍጥነቱ አባዙት። 3060 በሰከንድ ወደ 12.7 ትሪሊዮን ስሌት ይወጣዋል። 4060 ወደ 15.1 ትሪሊዮን። ልዩነቱ 19 በመቶ ገደማ ነው። በ1080 ስክሪን፣ ማለትም ቁመቱ 1080 ነጥብ በሆነው፣ ብዙ ጌም አሰልፈው የፈተኑ ሰዎች ያገኙትም ልዩነት ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ከ15 እስከ 20 በመቶ አካባቢ ነው።

እጃቸው እንዴት ፈጠነ? የቺፑ አሠራር ስለተለወጠ ነው። የ3060ን ቺፕ የሠራው ሳምሰንግ ነው፣ 8 ናኖሜትር በሚባለው አሠራር። የ4060ን የሠራው የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ነው፣ 4ኤን በሚባለውና በጣም በረቀቀው። የረቀቀ ቺፕ በትንሽ ኤሌክትሪክ በፍጥነት ይሮጣል። ሙቀቱም ያንሳል። በዚህ በኩል 4060ን የማደንቀው ያለ አንዳች ማቅማማት ነው።

ወደ በሩ እንምጣ። የበሩ ስፋት በቢት ይለካል። የ3060 በር 192 ቢት ነው። የ4060 በር 128 ቢት። በበሩ የሚያልፈው ዕቃ ደግሞ የራሱ ፍጥነት አለው። 3060 ላይ 15 ጊጋቢት በሰከንድ፣ 4060 ላይ 17 ነው። 192ን በ15 አባዝታችሁ ለ8 ስታካፍሉት 360 ይመጣል። 128ን በ17 አባዝታችሁ ለ8 ስታካፍሉት 272። ይሄ በሰከንድ ከጓዳ የሚወጣው ዕቃ በጊጋባይት ነው። አሮጌው ካርድ በዚህ ይበልጣል። አንዳንዱ ሰው ይሄን ቁጥር ብቻ አይቶ 4060 የተበላሸ ዕቃ ነው ይላል። ልክ አይደለም። መደርደሪያዋን ረስቷታል። 3060 ላይ ያለችው መደርደሪያ፣ ኤል 2 ካሽ የሚሏት፣ 3 ሜጋባይት ብቻ ናት። 4060 ላይ 24 ሜጋባይት ሆናለች። ስምንት እጥፍ ማለት ነው። በርበሬውና ጨው እጅ ሥር ካለ ጓዳ መመላለሱ ይቀራል። በሩ ቢጠብም ሥራው አይጓተትም። ስክሪኑ 1440 ወይም 4ኬ ሲሆን ግን የሚፈለገው ዕቃ ይበዛል። መደርደሪያዋ አትበቃም። የበሩ ጥበት ያኔ መሰማት ይጀምራል።

አሁን ወደ መጀመሪያዋ ጥያቄያችን። ለምን አንዱ 12፣ ሌላው 8 ሆነ?

ይሄንን ሳውቅ በጣም ነው የገረመኝ። እያንዳንዱ የሜሞሪ ቺፕ የበሩን 32 ቢት ይይዛል። 192ን ለ32 ብታካፍሉት 6 ነው። ስለዚህ 3060 ላይ ስድስት የሜሞሪ ቺፖች ይቀመጣሉ። ያን ጊዜ ገበያ ላይ የነበረው ቺፕ ወይ 1 ጊጋ ነው ወይ 2 ጊጋ። ስድስቱ ወይ 6 ጊጋ ይሆናሉ ወይ 12። መሐል ላይ ምርጫ የለም። 6 ቢያደርጉት በ2021 ያሳፍር ነበር። 12 አደረጉት። 4060 ላይ በሩ 128 ስለሆነ ቺፖቹ አራት ናቸው። አራት በ2 ጊጋ፣ 8 ጊጋ። ከዚያ በላይ ቢፈልጉ ከካርዱ ጀርባ ሌላ አራት መደርደር ነበረባቸው፤ ታላቅ ወንድሙ 4060 ቲአይ ላይ እንደዚያ አድርገው ባለ 16 ጊጋ አወጡ፣ ሲወጣ ዋጋው 499 ዶላር ነበር። ስለዚህ የ3060 ሰፊ ጓዳ ከበሩ ስፋት የመጣ ነው። ለእኛ ግን ትልቅ ሲሳይ ሆነልን።

ጓዳው ሲሞላ ምን ይሆናል? ካርዱ ወዲያው አይቆምም። ጎረቤት ይሄዳል። ጎረቤቱ የኮምፒውተሩ ራም ነው። መንገዱ ደግሞ ካርዱ የሚሰካበት ማስገቢያ፣ ፒሲአይኢ የምንለው ነው። እዚህ ላይ በደንብ አድምጡኝ፤ አገር ቤት ላለን ሰዎች ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

3060 የሚጠቀመው በአሥራ ስድስት መስመር ነው። 4060 ርዝመቱ ያው ቢሆንም የሚጠቀመው ስምንት መስመር ብቻ ነው። አዲስ ማዘርቦርድ ላይ፣ ማለትም ፒሲአይኢ 4 ባለው ላይ፣ ስምንት መስመር በሰከንድ 16 ጊጋባይት ያህል ያሳልፋል። ደህና ነው። ግን አብዛኞቻችን ቤት ያለው ማዘርቦርድ ፒሲአይኢ 3 ነው። እዚያ ላይ ወደ 8 ጊጋባይት ይወርዳል። ቁጥሮቹን አስተያዩአቸው። ከራሱ ጓዳ 272፣ ከጎረቤት 8። ሠላሳ አራት እጥፍ። ወጥ ሠሪዋ ቅቤ ፍለጋ ሰፈር ዞራ እስክትመለስ ድስቱ ያራል።

ጌም ስትጫወቱ ይሄ እንዴት እንደሚታይ ልንገራችሁ። በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ሥዕል፣ እንዲመጣ አንድ ፍሬም በ16.7 ሚሊሰከንድ ማለቅ አለበት። ጓዳው ሲሞላ አብዛኛው ፍሬም በሰዓቱ ይደርሳል፤ አልፎ አልፎ አንዱ ይዘገያል። አማካዩ ቁጥር ጥሩ ሆኖ ይታያል። እናንተ ግን መኪናዋ መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ድንገት ቀጥ ስትል ታያላችሁ። ስለዚህ ሰው የፈተና ውጤት ሲያሳያችሁ አማካዩን ብቻ አትመልከቱ። ዝቅተኛውን ጠይቁ። ካርድ የሚያናድደው በዝቅተኛው ነው።

ይሄም ሆኖ ለጌም ብቻ ከሆነ፣ ስክሪናችሁም 1080 ከሆነ፣ እኔ 4060ን ነው የምመርጠው። ቴክስቸር የሚለውን ሴቲንግ፣ የነገሮችን ገጽ የሚያለብሰውን ሥዕል ጥራት፣ አንድ ደረጃ ዝቅ ብታደርጉት ጓዳው ይበቃችኋል። በተለይ ትልልቆቹ አዳዲስ ጌሞች ላይ እንደዚያ ማድረግ ሊኖርባችሁ ይችላል። ኳስና የመኪና ጌም ለሚጫወት ሰው ግን ይሄም አያሳስበውም።

ኤንቪዲያ ፍሬም ጀነሬሽን ብሎ የሠራው ነገር አለ፣ ስለሱ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። 4060 ላይ አለ፣ 3060 ላይ የለም። ካርዱ በሁለት እውነተኛ ፍሬሞች መሐል አንድ ፍሬም ራሱ ፈጥሮ ያስገባል። የሚታየው እንቅስቃሴ ይለሰልሳል። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ግን ማውዙን ስትነኩ የምታገኙት መልስ አይፈጥንም፤ እንዲያውም ትንሽ ይዘገያል። ለሥራውም ከዚያው ከ8 ጊጋው ላይ ቦታ ይወስዳል። ማስታወቂያ ላይ 4060 አሮጌውን እጥፍ ሲያስከነዳ ካያችሁ ይሄ ተከፍቶ ሊሆን ስለሚችል ከሥር ያለውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ። የተፈጠረ ፍሬምና የተሠራ ፍሬም አንድ ላይ መቆጠሩ እኔን አያስማማኝም።

ለሥራ ለሚገዙት ግን ሌላ ነው። እዚህ የአርክቴክቸር ተማሪዎች እንዳላችሁ አይቻለሁ። አንድ የቴክስቸር ሥዕል እናስላ። 4ኬ የሚባለው 4096 በ4096 ፒክስል ነው። አንድ ፒክስል በቀለም 4 ባይት ይወስዳል። አባዙት። 67 ሚሊዮን ባይት፣ በኮምፒውተር አቆጣጠር 64 ሜጋባይት። ይሄ አንድ ሥዕል ነው። አንድ የእንጨት ወለል እንጨት እንዲመስል አራት ሥዕል ሊፈልግ ይችላል፤ ለቀለሙ፣ ለሻካራነቱ፣ ለጎድጓዳነቱ፣ ለአንጸባራቂነቱ። ሁሉም በቀለም ከተቀመጡ አራት በ64፣ 256 ሜጋባይት። ለአንድ ወለል! አሁን የሆቴል መግቢያ እየሠራችሁ ነው። ወለል፣ ምንጣፍ፣ ሶፋ፣ መጋረጃ፣ እብነ በረድ፣ ዛፍ፣ ቅጠል። ሠላሳ ዓይነት ነገር ቢኖር 7.5 ጊጋ ሞላ። የወንበሩና የዛፉ ቅርጽ ገና አልገባም። ዊንዶውስም ለራሱ የሚወስዳት አለች። 4060 እዚህ ላይ አበቃለት።

ባለፈው አንዲት ልጅ የመመረቂያ ሥራዋን ይዛ መጣች። ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ፕሮግራም ላይ ነው የሠራችው። ላፕቶፗ ላይ ያለው ካርድ 8 ጊጋ ነው። ሬንደር ስትለው፣ ማለትም የመጨረሻውን ሥዕል እንዲያወጣ ስታዘው፣ የጂፒዩ (የካርዱ) ሜሞሪ አልቋል የሚል ጽሑፍ ያወጣባታል። ሦስት ሌሊት አልተኛችም። በሲፒዩ፣ በኮምፒውተሩ ዋና ቺፕ፣ እንዲሠራ ብታዘው አንዱ ሥዕል ሰዓታት ይፈጃል። ፋይሉን እዚህ 3060 ላይ ከፈትነው። የያዘው ሜሞሪ ከ10 ጊጋ አለፈና ቆመ። ሠራ። ያኔ ፊቷ ላይ ያየሁት እፎይታ ስለ ካርድ እንዲህ እንዳወራ ያደርገኛል። ያ ካርድ ከላፕቶፗ ካርድ እጁ ብዙ የፈጠነ ሆኖ አይደለም፤ ጓዳው ስለሰፋ ብቻ ነው።

ካርድ መቀየር ለማትችሉ አንድ ነገር ላካፍላችሁ። 4ኬ የነበረውን ሥዕል ወደ 2ኬ አውርዱት። የሚይዘው ቦታ ወደ ሩብ ይወርዳል። ከካሜራው የራቀ ግድግዳ 4ኬ አያስፈልገውም። ፊት ለፊት ያለውን ጠረጴዛ ብቻ ተዉት። እሷም ላፕቶፗ ላይ የቀረውን ሥራ የጨረሰችው እንደዚህ ነው።

አሁን ወደምወደው ርዕስ ልግባ። የአማርኛ ጽሑፍ የሚረዱ፣ የሚጽፉ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሞዴሎችን ቤታችሁ ካርድ ላይ ለማስኬድ የምትሞክሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እዚህ ጓዳው ሁሉም ነገር ነው። 8 ቢሊዮን ፓራሜትር፣ ማለትም የተማረውን የሚይዝባቸው ቁጥሮች፣ ያለው ሞዴል በ16 ቢት ከተቀመጠ 16 ጊጋ ይፈልጋል። ሁለቱም ካርድ አይችሉትም። ወደ 4 ቢት ሲጨመቅ ወደ 5 ጊጋ ይወርዳል። ሁለቱም ይችሉታል። 13 ወይም 14 ቢሊዮን የሆነው ግን ተጨምቆም ከ8 እስከ 9 ጊጋ ይሆናል። 3060 ላይ ይገባል፣ 4060 ላይ አይገባም።

አማርኛ ደግሞ ተጨማሪ ቦታ ይጠይቃል። ለምን መሰላችሁ? «ሰላም» የሚለውን ቃል እዩት። ሦስት ፊደል ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ሲቀመጥ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ዘጠኝ ባይት። የላቲን ፊደል ግን አንዱ በአንድ ባይት ነው። ሞዴሎቹ ጽሑፍ የሚያነቡት በቁራጭ በቁራጭ ነው፣ ቶክን ይሉታል። ቁራጮቹ የተመረጡት በአብዛኛው ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስለሆነ የእንግሊዝኛው ቃል ብዙ ጊዜ አንድ ቁራጭ ይሆናል። የእኛ ቃል ፊደል በፊደል፣ አንዳንዴም ከፊደል በታች ይሰባበራል። አንድ ገጽ አማርኛ ከአንድ ገጽ እንግሊዝኛ ብዙ እጥፍ ቶክን ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ቶክን ደግሞ ንግግሩ እስኪያልቅ ጓዳው ውስጥ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ፈረንጁ በ8 ጊጋ ካርድ በእንግሊዝኛ ረጅም ሰነድ ሲያስነብብ እናንተ በዚያው ካርድ በአማርኛ ግማሽ መንገድ ላይ ልትቀሩ ትችላላችሁ። በራሱ ቋንቋ መሥራት ለሚፈልግ ሐበሻ፣ ከሁለቱ ካርዶች አሮጌው ይሻለዋል የምለው ለዚህ ነው። ይሄን ስል ከልቤ ነው። በራሳችን ቋንቋ ለመሥራት ሰፋ ያለ ጓዳ ያስፈልገናል።

ስለ ሠርግ ቪዲዮ የጠየቀኝ ወንድሜ የት አለህ? እሺ። ለቪዲዮ ሁለቱም ጥሩ ናቸው። 4060 ኤቪ 1 በሚባለው አዲስ አሠራር ቪዲዮ መጭመቅ ይችላል፤ 3060 ያንን ማንበብ እንጂ መጭመቅ አይችልም። ለዩቲዩብ ለሚጭን ሰው ይጠቅማል። ግን ካሜራህ 10 ቢት 4:2:2 በሚባለው፣ ቀለሙን አብዝቶ በሚይዘው አቀዳድ የሚቀዳ ከሆነ ስማኝ። የብዙ አዳዲስ ካሜራዎች ፋይል እንደዚያ ነው። ከሁለቱ ካርዶች አንዳቸውም ይህን ዓይነት ፋይል በሃርድዌር አይፈቱትም። ኤንቪዲያ ይሄን የጀመረው 50 በሚባለው ትውልድ ነው። ታይምላይኑ እየተንቀራፈፈ ካርድ ልቀይር ብለህ ገንዘብህን እንዳታወጣ። ፋይልህ በኤች 265 የተቀዳ ከሆነ፣ 11ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ የኢንቴል ሲፒዩ ውስጥ ያለው ትንሹ ግራፊክስ ይፈታዋል። ሲፒዩውን ስትገዛ ግን ስሙ መጨረሻ ላይ ኤፍ የምትል ፊደል ያለችበትን አትግዛ፤ እሱ ላይ ግራፊክሱ የለም። ወይም ደግሞ ፋይሉን መጀመሪያ ወደ ፕሮክሲ፣ ማለትም ወደ ቀለል ያለ ቅጂ፣ ቀይረህ ሥራ።

የመብራቱን ነገር እንይ። 3060 ሲሠራ እስከ 170 ዋት ይወስዳል። 4060 115። ልዩነቱ 55 ዋት ነው። በቀን ስድስት ሰዓት ሙሉ ጉልበቱን ቢሠራ በወር 180 ሰዓት ነው። 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ልዩነት ይመጣል። ለቤት ብዙ ላይሆን ይችላል። ስምንት ኮምፒውተር ላለው ጌም ቤት ግን በወር 80 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ጌም ቤት ለምትከፍቱ ሳላመነታ 4060 የምላችሁ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ክፍሉም ያን ያህል አይግልም።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ገንዘብ የሚያቃጥልበት ቦታ። እዚህ አገር አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከውጭ ከገባ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ነው። ርካሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ውስጡ ያለው ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ ከ300 ዋት በታች ነው። ካርዶቹ የሚፈልጉት ባለ 8 ፒን ገመድ ከእሱ አይወጣም። አንዳንዱ ሰው ከሃርድ ዲስኩ የሳታ ገመድ በአስማሚ ቀጥሎ ይሰካዋል። እባካችሁ፣ ይሄን አታድርጉ። የሳታ ሶኬት ይህን ያህል ጉልበት እንዲሸከም አልተሠራም። የቀለጠ ሶኬት በእጄ ፈትቼ አውቃለሁ፤ ጥቁር ፕላስቲክ ከገመዱ ጋር ተጣብቆ፣ ሽታው ክፍሉን ሞልቶት። የብዙዎቹ ማዘርቦርድ ደግሞ የራሱ ዓይነት ሶኬት ስላለው ከሱቅ ያመጣችሁት መደበኛ ፓወር ሰፕላይ ላይገጥም ይችላል። ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት ኮምፒውተሩን ክፈቱ። የፓወር ሰፕላዩን ዋት አንብቡ። ገመዱን ቁጠሩ። የካርዱን ርዝመት በሜትር ለኩ። ስታቢላይዘርም ይኑራችሁ፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ጉልበት ዕቃ አይምርም።

ያገለገለ ካርድ ለሚገዙ። 3060 የወጣው ካርድ በጠፋበት ዘመን ነው። ያኔ ኢቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ ለማውጣት ሰዎች ካርድ በጅምላ ይገዙ ነበር። ኤንቪዲያ 3060 ላይ ለዚያ ሥራ ፍጥነቱን በግማሽ የሚቀንስ ልጓም አበጀለት። ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው በ2021 መጋቢት፣ ራሱ ባወጣው የሙከራ ድራይቨር ልጓሙ በስህተት ተፈታ። ይሄ ሁሉ ያበቃው መስከረም 2022 ላይ ኢቴሪየም አሠራሩን ሲቀይር ነው። ስለዚህ ገበያ ላይ ያለው ያገለገለ 3060 ወራት ሙሉ ቀንም ሌትም የሠራ ሊሆን ይችላል። ይሄ ብቻውን አያስፈራኝም። ቺፑ ይችለዋል። የሚደክመው ፋኑ ነው፣ የሚደርቀው የሙቀት ቅባቱ ነው። ፋኑን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ከተንቀጠቀጠ ወይም ከጮኸ ዋጋ አስቀንሱ። ከዚያ ሱቁ ውስጥ፣ ገንዘቡ ኪሳችሁ ሳለ፣ ከባድ ነገር ከፍታችሁ ሃያ ደቂቃ አስኬዱት። ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ አለ።

ከሁሉ የሚብሰው ማጭበርበሪያ ግን ያገለገለ እንኳን አይደለም። 3060 የሚል ስም ያለው ሌላ ካርድ አለ። በ2022 መጨረሻ ላይ የወጣ፣ 8 ጊጋ ብቻ የሆነ 3060። ኮሩ ያው 3584 ነው። በሩ ግን 128 ቢት ነው፣ የሚያልፈው 240 ጊጋባይት ነው። መደርደሪያዋም ትንሽ ናት። ከ12ቱ በግልጽ ይዘገያል። ማለትም የአሮጌውን ጓዳ አላገኛችሁም፣ የአዲሱንም እጅ አላገኛችሁም። አንድ የማውቀው ልጅ ለ3ዲ ሥራ ብሎ ቆጥቦ 3060 ገዛ። ሻጩ «ያው 3060 ነው» አለው። ካርቶኑ ላይ 8 የሚለው ቁጥር ጥግ ላይ፣ በትንሹ ነው የተጻፈው። እኔ ጋ አምጥቶ ስንከፍተው ነው ያወቀው። ሻጩ አልመልስም አለ። እንዲህ ዓይነቱ ነገር ያበሳጨኛል፤ ስሙን ብቻ መስማት በቂ ስላልሆነ ነው ሰው የሚጎዳው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጂፒዩ-ዚ የምትባል ነጻ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ይዛችሁ ሂዱ። ክፈቷት። ሜሞሪ ሳይዝ የሚለው ፊት ለፊት 12288፣ ባስ ዊድዝ የሚለው ፊት ለፊት 192 ማለት አለበት። ሁለቱን ቁጥሮች ስልካችሁ ላይ ጻፏቸው። የተቀየረ ስም የተጫነበት ሐሰተኛ ካርድም ካለ ይቺው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ታጋልጠዋለች።

አንዱ ወንድሜ ቅድም በወረቀት የጻፈልኝ ጥያቄ አለ። «5060 ወጥቶ የለም እንዴ፣ ለምን ስለ አሮጌ ካርድ ታወራለህ?» ይላል። ወጥቷል። በግንቦት 2025 በ299 ዶላር ወጣ። ሜሞሪው በጣም ፈጣን ነው፣ 448 ጊጋባይት በሰከንድ። ብዛቱ ግን አሁንም 8 ጊጋ ነው። በሩም 128 ቢት ነው። ገንዘቡ ካላችሁና ለጌም ከሆነ ከ4060 እሱ ይሻላል። ጓዳ ለቸገረው ግን ያው ነው። ብሩ በሐምሌ 2024 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ እያንዳንዷ ዶላር ትከብዳለች፤ ያገለገለውን 12 ጊጋ ቶሎ አትናቁት።

ሁለቱን ካርዶች አሁን ሁለት ኮምፒውተር ላይ እሰካቸዋለሁ። አንድ ዓይነት ሲፒዩ፣ አንድ ዓይነት ራም ነው ያላቸው። ከእናንተ የምፈልገው የራሳችሁን ከባድ ፋይል ነው። የብሌንደር ፕሮጀክት ይሁን፣ የሠርግ ቪዲዮ ይሁን፣ ሞዴል ይሁን። ሁለቱም ላይ ከፍተን ሜሞሪው የት እንደሚደርስ አብረን እናያለን። ፍላሽ የያዘ ካለ ወደ ፊት ይምጣ፤ ከእሱ እንጀምር።